ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ እምቢ ይላል፦ የመኪና ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከዙሪያዋ የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ካምሻፍት ሴንሰር ላይ አረፉ፤ ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ ነው፣ ሴንሰሩ ደግሞ የት እንደደረሰ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገረው። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪትዝ አለችኝ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከፒያሳ አዘዞ ደርሼ አጥፍቼ ላስነሳት ስል ግን ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ እምቢ ይላል። ትንሽ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። ጋራዥ በኮምፒውተር አይተው «ፒ0340 ነው፣ ካምሻፍት ሴንሰር ቀይር» አሉኝ። ልግዛ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ቆይ፣ ገና አትግዛ። ፒ0340 የብልሽት ኮድ ነው፤ ሴንሰሩ ሞቷል አይልም። ከሴንሰሩ መምጣት የነበረበት ምልክት የመኪናው ኮምፒውተር ጋ በአግባቡ አልደረሰም ነው የሚለው። ጥፋቱ ሴንሰሩም፣ ሽቦውም፣ ሶኬቱም ሊሆን ይችላል።

ሴንሰሩ ምን እንደሚሠራ ካወቅክ ፍለጋው ይቀልልሃል። ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍት አንዴ ነው የሚዞረው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቤንዚን ሊቀጣጠል ነው ወይስ የተቃጠለ ጭስ እያስወጣ ነው? ይሄን ክራንክ ሴንሰሩ ብቻውን አይለየውም። የሚለየው የካምሻፍቱ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ አንዳንዱ መኪና በግምት፣ ብዙ ካዞርከው በኋላ ይነሳል። አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም።

ሲግል እምቢ ብሎ ሲቀዘቅዝ መነሳት እውነትም የሴንሰር ጠባይ ነው። ግን ክራንክ ሴንሰርም፣ የነዳጅ ፓምፕም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ምርመራው እምቢ ባለችበት ሰዓት ይሁን። ቀዝቅዛ ጋራዥ ከደረሰች ሁሉም ነገር ደህና ነው የሚመስለው። ስካነሩ ተሰክቶ፣ ሞተሪኖው እየዞረ፣ የሞተሩን ዙር ቁጥር እዩ። ዜሮ ላይ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክራንክ ሴንሰሩ ነው። ሁለት መቶ አካባቢ ካሳየ ወደ ካምሻፍቱ ሂዱ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሶኬቱን ንቀልና ውስጡን በስልክህ መብራት አየው። አንዱ ፒን ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ ገብቷል። በክረምት ጭቃ ሞተሩን በግፊት ውሃ ያሳጠበ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ዘይት ካለበት ደግሞ የሴንሰሩ ጎሚኒ እያፈሰሰ ነው። ሽቦውን እስከ መጨረሻው በእጅህ ተከተለው፤ አይጥ የቀረጠፈችው ስንት መኪና አለ መሰለህ!

ከዚያ ቴስተር። ሦስት ሽቦ ካለው ቁልፉን ክፈትና ሶኬቱ ላይ ለካ። እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት መምጣት አለበት፣ ኔጋቲቩም ደህና መሆን አለበት። እነዚህ ከሌሉ አዲስ ሴንሰር ብትገዛም ያው ነህ። ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ሴንሰሩን ራሱን በኦም ለካው። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ኦም ያሳያል፤ ልኩን የሞተሩ ማኑዋል ይነግርሃል። ቀዝቃዛውን ለክተህ፣ ፈትተህ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ ድገመው። ሲሞቅ መስመሩ ከተቋረጠ ተገኘ። አሁን ግዛ።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ሲሞቅ ይጠፋል። ካምሻፍት ሴንሰሩ የት ጋ ነው? (ከአራዳ)

መልስ፦ ካርቡሬተር ያለው ከሆነ የትም የለም ወንድሜ። ካንዴላውን፣ ኮይሉን፣ ሲዲአዩን (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን ሳጥን) እና ካርቡሬተሩን አስፈትሽ። ሴንሰር ልሽጥልህ የሚልህ ካለ መንገድህን ቀጥል።

ጥያቄ፦ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ነበር። ባለቤቴ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ሲመልሰው ጠፋ። ዳነ ማለት ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አይደለም እህቴ። የጠፋው መብራቱ ነው፤ ችግሩ ካለ መብራቱ ይመለሳል። የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ምን ያህል ግሎ እንደነበር፣ በስንት ዙር እንደነበር ኮምፒውተሩ አብሮ ይይዛል። ገመዱ ሲነቀል ያ ሁሉ በአብዛኛው ይሰረዛል። ሁለተኛ ሲበራ መጀመሪያ ኮዱ ይነበብና ይጻፍ። ከስልክ ጋር የምትገናኘው ትንሿ መመርመሪያ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ የድሮ ሞዴሎች ጋር አንዳንዴ አትግባባም። ያኔ ጃፓን መኪና የሚያነብ ስካነር ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከመተማ ጎንደር ስወጣ ኮሮላዬ ጉልበቷ ይሞታል። ሴንሰር ነው አሉኝ። (ከመተማ)

መልስ፦ አባቴ፣ ሴንሰሩን ተወት ያድርጉትና አቀበቱን ያስቡ። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ይሳሳል። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይመጥናል እንጂ አየር አይፈጥርም። መብራት ካልበራ፣ ካልተንገጫገጨች፣ ቀስ በቀስ ብቻ ከደከመች ደህና ነች። እየተንገጫገጨች ድንገት የምትለቅ ከሆነ ግን ያስመርምሯት።

ጥያቄ፦ ኮዱ አለ፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ሊማሊሞን ልውረድበት? (ከደባርቅ)

መልስ፦ እየሄደ ጠፍቶብህ ያውቃል? አንዴም ቢሆን ከጠፋ አትውረድ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድርቅ ይላል። ሊማሊሞ ላይ ይሄ የሚሞከር ነገር አይደለም። ችግሩ ለመነሳት መዘግየት ብቻ ከሆነ ከተማ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይታገስሃል። እኔ ግን ቤተሰብ ጭኜ አልወጣበትም።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩን ሁለቴ ቀየርኩ፣ አሁንም ኮዱ ይመጣል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ቁጥሩ ፒ0016 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ካምሻፍቱና ክራንክሻፍቱ አልተጣጣሙም እያለህ ነው። ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው የታይሚንግ ሰንሰለት ረዝሞ ወይም ጥርስ ዘሎ ይሆናል። ቪቪቲ (በዘይት ግፊት የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚቀያይር ዘዴ) ባለው ሞተር ደግሞ ያነሰ ወይም የቆሸሸ ዘይትም ይህን ያመጣል። ቀላሉ ዘይቱ ስለሆነ ከሱ ጀምር፤ ቀጥሎ ሰንሰለቱን አስፈትሽ። ኮዱ ፒ0340 ወይም ፒ0341 ከሆነ ግን የገዛኸውን ሴንሰር ከአሮጌው ጎን አስቀምጠህ የተጻፈበትን ቁጥር አስተያይ። መልኩ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የሚለይ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል።