አስታማሚዋን ላባርራት?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ስኳርም ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች። ቤቷ ደሴ ሆጤ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ስለምሠራ በደላላ አስታማሚ ቀጥሬላታለሁ፤ ቀንም ሌሊትም አብራት ነች። ደህና ተያዥ አላት። ሰሞኑን እናቴን ሳጥባት ግን ከወገቧ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ ቆዳዋ ጠቁሮ አየሁ። ልጅቷ «ከመተኛት ብዛት ነው» አለችኝ። ላባርራት?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ልጅቷ አልዋሸችሽም፤ ሳይገላበጡ ከመተኛት ነው። የጠቆረውን በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ወይም ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ሞቅ ወይም ጠንከር ካለ፣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ስለማይታይ ብዙ ሰው የሚነቃው ሲላጥ ነው። አንቺ በጊዜ አይተሻል። ከተላጠ ወይም ከሸተተ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ቦታውን አትሹት። ውሃ የሞላ ጓንት ተረከዝ ስር ማድረግም ይቅር። ሆስፒታል ያስታመመ ሁሉ ይወደዋል፤ ጫናውን ግን አያነሳም። ትራስ ከባታቸው ስር ይግባ፣ ተረከዛቸው ምንም አይንካ። በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ። ሲገላበጡም አይጎተቱ፤ አንሶላውን ለሁለት ይዞ ማንሳት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። በየ2 ሰዓቱ ማለት በቀን 12 ጊዜ ነው። ስታበስልና ስታጥብ የዋለችን ልጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማን ይቀሰቅሳታል? ተያዡ የሚጠቅምሽ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ ነው። ደላላው ሲያመጣት «በሽተኛ ገልብጠሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አይመስለኝም።

ስለዚህ አታባርሪያት። ዘመድም ቢሆን የሌሊት ሰው ጨምሪላት። የሙያ ፈቃድ ያላት ነርስ በሳምንት አንዴ መጥታ ቆዳቸውን ትይ፣ ለልጅቷም እያሠራች ታሳያት። ደብተር ግዢና የተገላበጡበት ሰዓት፣ የበሉትና የኢንሱሊኑ መጠን ይጻፍበት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ስትመጪ መጀመሪያ እሱን ግለጪ። የሳምንቱ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ከመሰለሽ ጠርጥሪ።

እናትሽ ካልበሉ ልጅቷ ስለ ኢንሱሊኑ በራሷ አትወስን፤ ለሐኪማቸው ትደውል። ካላባቸው ወይም ከተንቀጠቀጡ ስኳራቸው ይለካ። ከ70 በታች ሆኖ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትስጣቸው። ከደነዘዙ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው።

ደግሞ የደሴ ብርድ አለ። ከሰል በተዘጋ ክፍል አይደር፤ መርዙ አይሸትም፣ እሳቸውም ተነስተው በር አይከፍቱም። ብርድ ልብስ ደርቡላቸው እንጂ ትኩስ ውሃ በላስቲክ እግራቸው ላይ አታድርጉ። ስኳር ያደነዘዘው እግር ሲቃጠል አይሰማውም።