ባሌና ልጄ የደበቁኝ አደጋ

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ15 ዓመቱ ልጄ ማውንቴንቦርድ በሚባል ስፖርት ይወዳደራል፤ ባለ ጎማ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ኮረብታ ለኮረብታ ቁልቁል መንደርደር ነው። ባለፈው ዓመት የእጁ አንጓ ሲሰበር «ከእንግዲህ በቃ» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ባለቤቴ ግን እኔ ቅዳሜ ሥራ ስገባ «ጓደኛው ቤት ነው» እያለ ወደ ውድድር ይወስደው ነበር። በቅርቡ ደግሞ ልጁ ወድቆ ጭንቅላቱን እንደተመታና ተማክረው እንደደበቁኝ ከትንሿ ልጄ ሰማሁ። ለባለቤቴ «ወይ እኔን ወይ ሰሌዳውን ምረጥ» ብዬዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የትዳሩ ጉዳይ ጥቂት ይቆይና በልጁ ጭንቅላት እንጀምር። ከወደቀ ወዲህ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ መነጫነጭ ካዩበት ዛሬውኑ ሐኪም ያማክሩ። ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ትውከት ከተደጋገመ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአማተር ስፖርት ያወጣው መመሪያ፣ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ተወዳዳሪ ወዲያው ከሜዳ እንዲወጣ ይላል። ወደ ውድድር መመለስ ቢፈጥን በ21ኛው ቀን ነው፤ ጭንቅላት ሊመታበት ወደሚችል ልምምድ ለመመለስ እንኳ 14 ቀን ያለ ምልክት ማሳለፍ ያስፈልጋል። አባቱ ይህን ሳይጠብቁ መልሰው አሰልፈውት እንደሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠይቋቸው።

ባለቤትዎ በድለዋል። ልጁን ለውድድር መውሰዳቸው ሊያከራክር ይችላል፤ ጉዳቱን አብረው መደበቃቸው ግን አያከራክርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የኖረው ለአዋቂ ነው፤ እዚህ ግን ልጁ መደበቅን የተማረው ከገዛ አባቱ ነው።

ለእርስዎም የሚመር ነገር አለኝ። ዘጋሁት ያሉት በር በጓሮ በኩል ተከፍቶ ነው የቆየው። ሀካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ፣ ወላጆች ስለ ልጃቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው ከክትትልና ከምርመራ ሳይሆን ልጁ ወዶና ፈቅዶ ከሚነግራቸው መሆኑን አሳይተዋል። «በቃ» ባሉ ጊዜ ውድድሩ አልቆመም፤ የቆመው ወሬው ነው።

ስፖርቱ የመንገድ ዳር ጨዋታ እንዳልሆነም ይወቁ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያደገ ነው። ቦርደርክሮስ በሚባለው ዘርፍ አራት ተወዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ጠመዝማዛና መዝለያ ባለው ጠባብ መንገድ ይሽቀዳደማሉ፤ ስለዚህ መውደቅ ብቻ ሳይሆን መጋጨትም አለ። (እኔ በበኩሌ ወርቅ ቢዘነብልኝ አልቆምበትም።) ፍርሃትዎ መሠረት አለው። ወጣቶች እኩዮቻቸው ሲያዩአቸው ይበልጥ እንደሚደፍሩ ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በመኪና መንዳት ጨዋታ ፈትነው አሳይተዋል፤ የውድድር ቀን ደግሞ ተመልካቹ ሁሉ እኩያ ነው።

«ወይ እኔን ወይ ሰሌዳውን» ያሉትን ምርጫ ይተዉት፤ ቅሬታዎን ግን አይተዉ። ልጁ በሌለበት ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡና ስለ ሰሌዳው ሳይሆን «ጓደኛው ቤት ነው» ስለተባለባቸው ቅዳሜዎች ይነጋገሩ። ባለቤትዎ ይቅርታ የሚጠይቁት ስለዚያ ነው። ከዚያ ሁለታችሁም የምትፈርሙበት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ማንኛውም አወዳደቅ በዕለቱ ለሁለታችሁም ይነገራል፣ ከጉዳት በኋላ መመለሱን የሚወስነው ሐኪም እንጂ አባት ወይም እናት አይደለም። ጭንቅላቱ ሲመታ የነበረው ሄልሜት መቀየሩንም ይጠይቁ፤ አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም አይታመንም።

ሐኪሙ ፈቅዶለት ሲመለስ አንድ ቅዳሜ ፈቃድ ወስደው አብረው ይሂዱ። የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያውን ሲያስር ይዩት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው የት እንደቆመ ይጠይቁ። አይተውም «አልወደድኩትም» ማለት መብትዎ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚሰማው ያየ ሰው ቃል ነው። ደግሞ መውደቁን ሲነግርዎ «እኔን ይድፋኝ» ይበሉ፣ ያቅፉት፤ «ነግሬህ ነበር» የሚለውን ግን ይዋጡት።

ትንሿ ልጅዎን አይርሱ። ወንዶቹ «ሰባቂ» ብለው ካገለሏት በግልጽ ይቁሙላት፤ ከእንግዲህ ግን ስለ ወንድሟ ወሬ ከእርሷ አይጠይቁ። የሚጠየቀው እርሱ ነው።