ለምታጠባ እናት የሐበሻ ቀሚስ፦ ማጥቢያው ዚፕ የት ይግባ?

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የሁለት ወር ሕፃን ታጠቢያለሽ፣ ሠርጉ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። 5 ሜትር መነን እና ለብቻው የተሸመነ የፊት ጥበብ ገዝተሻል፣ ቤት ባለሽ መኪና ራስሽ መስፋት ትፈልጊያለሽ። የጨነቀሽ ነገር ድግሱ ላይ ቀሚሱን ሳታወልቂ እንዴት እንደምታጠቢ ነው። ይቻላል፤ ግን የማጥቢያው መክፈቻ ጨርቁ ሳይቆረጥ መወሰን አለበት። ተሰፍቶ ባለቀ ቀሚስ ላይ ዚፕ ላስገባ ማለት ጥበቡን ማበላሸት ነው።

መጀመሪያ ልኩ። ደረትሽን የምትለኪው ከማጥባትሽ በፊት፣ ጡትሽ ሞልቶ ሳለ ነው። የዚያን ቀን የምታደርጊውን ጡት መያዣ አድርጊ፣ የወተት መምጠጫው ፓድም ይግባበት። አጥብተሽ ስትጨርሺ ከለካሽ ልኩ ያንሳል፤ መነን ደግሞ እንደ ሹራብ ስለማይለጠጥ በድግሱ መሀል ጡትሽ ሲሞላ ያጨናንቅሻል። ካገኘሽው ልክ ላይ 6 ሳንቲም ለምቾት ጨምሪ። በሁለቱም ጎን ለእያንዳንዱ ጠርዝ 3 ሳንቲም የስፌት ትርፍ ተዪ። የሽማኔ ጨርቅ ስለሚተረተር ከስፌቱ ውጭ ቢያንስ 1.5 ሳንቲም መቅረት አለበት፤ ቀሪውን 1.5 ከአራቱም ጠርዝ ብትለቂው ደረቱ 6 ሳንቲም ይሰፋል።

ሰውነትሽ ገና እየተለወጠ ስለሆነ የላይኛውን ክፍል አሁን አትቁረጪ። ጉርዱን እና እጅጌውን አስቀድመሽ ስፊ፤ የደረቱን ክፍል ግን ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለክተሽ ቁረጪ። ቅዱ ወገብ ላይ ሳይሆን ከጡት ስር የሚገናኝ ይሁን። ሆድ አይይዝም፣ በኦፕራሲዮን ለወለደችም ቁስሉ ላይ ስፌት አያርፍባትም። መገናኛው ሞልቶ ካለው ጡት 2 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይዋል፤ ከፍ ካለ ሲሞላ ጡቱ ላይ ይወጣና ቀሚሱ ያጠረ ይመስላል።

ጨርቁን ሳታጥቢ መቀስ አታንሺ። ለብ ባለ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ሳትጠመዝዢ ጥላ ላይ አስጪ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው በውስጥ በኩል ተኩሺው። 5 በመቶ ቢሰበሰብ እንኳ 4.75 ሜትር ነው የሚቀርሽ። የጨርቁ ስፋት 85 ሳንቲም አካባቢ ከሆነ ሂሳቡ ይህን ይመስላል፦ ለደረትና ለጀርባ 80 ሳንቲም፣ ለጉርዱ 1.15 ሜትር በሦስት ስፋት 3.45 ሜትር፣ ለሁለቱ እጅጌ ጎን ለጎን ተቆርጠው 50 ሳንቲም። ድምሩ 4.75 ሜትር፣ ለስህተት የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ካነሰ እጅጌውን አሳጥሪው እንጂ ጉርዱን ወደ ሁለት ስፋት አታውርጂ፤ ሽንሽኑ ይሳሳል፣ ቁጭ ስትዪም ይወጠራል። ጥበቡን ከመነኑ ጋር አትዘፍዝፊ። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን ብለሽ ጥረጊውና ቀለም ከለቀቀ በውሃ አትንኪው፣ በእንፋሎት ብቻ ተኩሺው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው መሀል ደረት ላይ አንድ ረጅም ዚፕ ያስባል። ጥበቡ ለሁለት ይከፈላል፣ ስታጠቢም ሁለቱም ጡት ይጋለጣል። የሚሻለው በጥበቡ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ዚፖች ማስገባት ነው፤ የጥበቡ ጠርዝ ራሱ ይሸፍናቸዋል።

ጥበብሽ 14 ሳንቲም ስፋት አለው እንበል። የደረቱን ፊት በሦስት ቁራጭ ቁረጪ፦ መሀለኛው ስፌቱ ሲያልቅ 12 ሳንቲም የሚሆን፣ ከዚያ ግራና ቀኝ። ሁለቱ መገጣጠሚያዎች ከመሀል 6 ሳንቲም ርቀው ይውላሉ፣ ጥበቡ 7 ሳንቲም ድረስ ስለሚደርስ በ1 ሳንቲም ያልፋቸዋል። ዚፑን መገጣጠሚያው ውስጥ አስገቢ። ከጡት ጫፍ 5 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይጀምርና ከጡት ስር መገናኛው 1 ሳንቲም ሲቀረው ይቁም፤ እንደ ሰውነትሽ 16 ወይም 18 ሳንቲም ይወጣል። መገናኛው ላይ ጨርቁ ስለሚደራረብ ዚፑን እስከዚያ ካወረድሽው ይነክሳል።

ሱቅ ውስጥ ኢንቪዝብል ዚፕ ቢሰጡሽ ለዚህ ቦታ አትውሰጂ። ጥርሱ ወደ ውስጥ የሚጠቀለል ስለሆነ እንደ ጥበብ ያለ ወፍራም ነገር አጠገብ ይይዛል፤ በአንድ እጅ ሕፃን ይዘሽ በሌላው መታገል ይሆናል። ተራ ቀጭን የናይለን ዚፕ፣ ቁጥር 3፣ ይበቃል፤ ጥበቡ ስለሚሸፍነው አይታይም። ገልብጠሽም ስፊው፦ ተንሸራታቹ ታች ሲሆን የተዘጋ፣ ወደ ላይ ሲሳብ የሚከፈት። ሕፃኑ ልብሱን ሲጎትት ወደ ታች ስለሆነ በራሱ አይከፈትም፣ የሚያስፈልግሽን ያህል ብቻ ከፍተሽም የላይኛው ደረትሽ እንደተሸፈነ ይቆያል። ሁለቱንም ጫፍ በእጅ አምስት ስድስት ጊዜ እያመላለስሽ ቋጥሪ። ከተንሸራታቹ ላይ የብረቱን ምላስ አውጥተሽ 3 ሳንቲም ጥብጣብ እሰሪበት፤ ሳታዪ በዳሰሳ ታገኚዋለሽ፣ የነጠላሽንም ክር አይዝም። ከዚፑ ጀርባ 4 ሳንቲም ስፋት ያለው ለስላሳ ጨርቅ በአንድ ጎን ብቻ ስፊ፣ ጥርሱ ቆዳሽን እንዳይነካ።

ጥበቡ የሚለጠፈው መጨረሻ ላይ፣ ደረቱና ጉርዱ ከተገናኙ በኋላ ነው። በጉርዱም ላይ ስለሚወርድ ፊት ለፊት 14 ሳንቲሙን ሳትሸነሽኚ ተዪ፣ ሽንሽኑ ከጥበቡ ውጭ ይጀምር። ዚፑ ባለበት ርዝመት የጥበቡን ስፌት ከጠርዙ 1.5 ሳንቲም ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ጠርዙ ነፃ ሆኖ ዚፑን እንዲከድን። ከዚያ በላይና በታች ጠርዙ ላይ ስፊ። ነፃው ጠርዝ ከተነሳብሽ መሀሉ ላይ ተጭኖ የሚዘጋ አንድ ትንሽ ቁልፍ ያስተካክለዋል። ጥበቡን በርዝመቱ መቁረጥ ካለብሽ መጀመሪያ በመቁረጫው መስመር አንድ ወገን ሁለት ጊዜ ስፊበት፤ በባዶው ከተቆረጠ የጥለቱ ክር ይፈታል። ለጥበቡ ቁጥር 90፣ ለመነኑ ቁጥር 80 መርፌ ተጠቀሚ።

የገበሩ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ላዩ ይከፈታል፣ ሥሩ ገበሩ ተዘግቶ ይገኛል! ገበሩ ላይ ዚፕ አያስፈልግም፦ በዚያው መስመር ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጠርዞች ተቀምቅመው፣ አንዱ በሌላው ላይ 5 ሳንቲም ይደረብና ዚፑ ባለበት ሳይሰፋ ይቅር። ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ሳቲን ያምራል፣ ነገር ግን ወተት አይመጥም፣ ያፈሰሰሽው ሁሉ ነጩ መነን ላይ ይወጣል።

ጥበቡን ከመለጠፍሽ በፊት ቀሚሱን ለብሰሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንድ ጊዜ አጥቢበት። መስታወት ፊት ቆሞ ማየት ይህን አይተካም፤ ዚፑ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የሚታወቀው ሕፃኑ ሲታቀፍ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ለመልበስ ከጀርባ 50 ሳንቲም ዚፕ ያስፈልግሻል፤ እዚህ ኢንቪዝብሉ ይሆናል። የብብቱ ቅድ ጠበብ ብሎ ከፍ ያለ፣ እጅጌው ግን ሰፊ ይሁን፤ ብብቱ ዝቅ ካለ ክንድሽን ባነሳሽ ቁጥር ቀሚሱ አብሮ ይነሳል። ርዝመቱ በምትጫሚው ጫማ ከመሬት 3 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ ሕፃን የያዘች ሴት እግሯን አታይም፣ ቀሚሷንም ሰብስባ መያዝ አትችልም። ፈርጥና ዶቃ ደረት ላይ አታድርጊ፣ ሕፃን ነቅሎ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ጥበብሽ የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት በጉንጭሽ አሽተሽ ሞክሪው፣ አንቺን ከከረከረሽ ሕፃኑን ይቧጥጠዋል። ወተት ከነካው ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ ሙቅ ውሃ ወይም ካውያ ካገኘው እድፉ ይጸናል።

ጊዜው አጥሮሽ ለሰፊ ብትሰጪም ይኸው ነው። ከጥምቀት በኋላም ሆነ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ሳምንታት ሽሮ ሜዳ ሥራ ስለሚበዛበት ቀድመሽ ውሰጂው። «የማጥቢያ ዚፕ አስገባልኝ» ብለሽ ብቻ እንዳትመጪ። የጡት ጫፍሽን ከፍታ ከትከሻሽ ጀምሮ በሳንቲም፣ የዚፑን ርዝመት፣ ተገልብጦ እንደሚሰፋ እና ገበሩም እንደሚከፈት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው።