ቤቱን በዘጠኝ ሰዓት ሂጂና እዪው

እህቴ፣ «ባለቤቴ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሯል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችን፤ ከዚራ መሃል ላይ አፓርታማ እንከራይ ወይስ ሳቢያን ወጣ ብለን ኮንዶሚኒየም እንፈልግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እንዳንቺ ከአዲስ አበባ መጥቼ በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት የቀያየርኩ ተከራይ ስለሆንኩ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። «አንቺ» ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሽማግሌ «አንተ» ሲል ትሰሚያለሽ፤ ሽማግሌውም አይቆጡም። በመጀመሪያው ወር ጆሮሽ ይደነግጣል፣ በሦስተኛው አንቺም ትለምጂዋለሽ።

ሌላውን ብትረሺው እንኳ አንድ ነገር አትርሺ፦ ቤት ለማየት ጠዋት አትሂጂ። ደላላ ሁልጊዜ የሚቀጥርሽ በጠዋት ነው፤ ለምን እንደሆነ እሱም ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂጂ፣ መኝታ ቤቱን አስከፍቺና ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ በይበት። መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አሳርፊ። እጅሽን የሚያስነሳ ግድግዳ ካገኘሽ ስለ ሴራሚኩና ስለ ወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን የሚነገርሽን ሁሉ ሳትሰሚ ውጪ።

እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የመጀመሪያው ቤቴ ከአሮጌው ለገሃር ብዙ የማይርቅ አዲስ ሕንፃ ላይ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ወለል። ሁለት ሰዓት ላይ አየሁት። ነፋሱ መጋረጃውን ያውለበልባል፣ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ሲመለከቱ የከዚራ ዛፎች አናት እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል። ቅድሚያ ክፍያውን እዚያው ቆሜ ከፈልኩ። ዕቃ ስናስገባ ከሰዓት ሆነ፤ ነገሩ የገባኝም ያኔ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ምዕራብ ይመለከታል፣ ከላይ ያለው ጣሪያ ደግሞ ምንም ያልለበሰ ኮንክሪት ነው። ሲመሽ ውጭው ቀዝቀዝ ይላል፤ ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋብን ያድራል። ግንቦት ሲገባ ፍራሻችንን ወደ ሰገነቱ አወጣነው። እኔ እንደ ውርደት ቆጥሬው በጨለማ ነበር ያወጣሁት። ጠዋት ከማዶ ሰገነት ላይ የተኛው ጎረቤቴ አይቶኝ «አቦ፣ ገና ዛሬ ወጣህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አዲስ አበባ ያስተማረችን እዚህ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንኖር «ፀሐይ የሚያገኝ ቤት» ማለት ምስጋና ነው። ድሬ የምትገኘው በግማሹ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ እዚህ ፀሐይ የሚያገኝ ቤት ማለት ነውር ያለበት ቤት ማለት ነው። የመጨረሻ ፎቅ አትከራዪ። መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቤት ፈልጊ። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመለከት ከሆነ ደግሞ በእልልታ ተቀበዪው።

«መሃል ከተማ» ያልሽው ነገር ድሬ ላይ አንድ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለ ነው ከተማዋ ከግርጌው የተቆረቆረችው፤ መጀመሪያ ላይም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ከዚራን የነደፉት የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች ናቸው፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ ዛፍ። መጋላ ግን በነጋዴው እግር የተሠራች ናት፤ ጠመዝማዛ ጎዳና፣ የቀፊራ ገበያ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶች። ገበያ ለመሄድ መጋላን የመሰለ የለም፤ አፓርታማ የምትፈልጊ ከሆነ ግን ዞረሽ ዞረሽ የምትመለሺው ወደ ከዚራ ነው።

የሚያናድደኝ ነገር ልንገርሽ። የዛሬ መቶ ዓመት የተሠሩት የከዚራ ቤቶች ሙቀቱን አስበው የተሠሩ ናቸው፤ ጣሪያቸው ሩቅ ነው፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፣ መስኮቶቻቸው ነፋስ እያሳለፉ ፀሐይን የሚከለክሉ የእንጨት መዝጊያዎች አሏቸው። ዛሬ የሚነሣው ሕንፃ ግን የአዲስ አበባን ንድፍ እንዳለ ገልብጦ ፊቱን በመስታወት ሸፍኖ ይቆማል፤ ከዚያ በየመስኮቱ አየር ማቀዝቀዣ ይንጠለጠልበታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣውም፣ ቬንትሌተሩም፣ አሳንሰሩም፣ ውኃ የሚገፋው ፓምፕም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ጄኔሬተር አለ ቢሉሽ ምን ምን እንደሚያስነሣ ጠይቂ፤ የእኛው የሚያበራው የደረጃውን አምፖል ብቻ ነበር።

እንግዲያው አሮጌውን ቤት ልከራይ ካልሽ አንድ ጣጣ አለበት። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱ የመንግሥት ቤቶች ናቸው። በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ራሱ ተከራይ ነው፤ አንድ ክፍል ከፍሎ ለአንቺ ሊያከራይሽ ሕጋዊ መብት የለውም። ስለዚህ ሳታፍሪ «ካርታውን አሳዩኝ» በይ። ያለው ያሳይሻል፤ የሌለው ደግሞ ወሬ ያበዛል፣ ከወሬው ብዛት ትለዪዋለሽ።

ሁለተኛው ቤቴ ምድር ቤት ነበር፣ ደቻቱ አጠገብ። ከመጨረሻው ፎቅ ሙቀት ሸሽቼ ነው የገባሁበት፤ በርግጥም ቀዝቃዛ ነበር። ደቻቱን ስታዪው ወንዝ አይመስልሽም፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይተኛበታል። ግን ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። ሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። እኔ ቤቱን ስከራይ ይህን የነገረኝ የለም። የነገሩኝ ከጎን የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ሌሊት የማይተኙበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ፤ ከእኔ ትከሻ በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ኮርኒሱ ላይ ዝናብ በተሰማ ቁጥር ልጄን አቅፌ በር ላይ መቆም ሆነ ሥራዬ። ከጎርፉ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ እውነት ነው፤ እንቅልፍ ግን በግንብ አይመጣም። ከደቻቱም ሆነ ከሌሎቹ የአሸዋ ወንዞች ዳር ምድር ቤት አትከራዪ።

ከዚያ ቤት ያስወጣኝ ግን ጎርፍ ሳይሆን አከራዩ ነው። ስገባ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ተቀበለኝ፤ በስምንተኛው ወር ላይ «ዋጋው ጨምሯል፣ ካልተስማማህ ሌላ ሰው አለ» አለኝ። ውላችን በቃል ነበር፣ ምን አፍ አለኝ? አንቺ ዛሬ ከእኔ ትሻያለሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥም እንዲመዘገብ ያዛል። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አንዳንዱ አከራይ ግብሩን ፈርቶ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይልሻል። እሺ አትበዪ፤ ነገ ጠብ ቢነሣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለተጻፈው ብር ብቻ ነው። የኪራይ ዋጋ ግን ከእኔ አትጠብቂ፤ ዛሬ ብነግርሽ ከሁለት ወር በኋላ መሳቂያ ያደርገኛል።

ስለ ውኃ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትንሽ ልጅ አለችሽ። የከተማዋ ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፣ ማዕድን ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያሽ በሳምንት ውስጥ በነጭ ቅርፊት ይሸፈናል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም፣ ፀጉርሽም ያኮርፍብሻል። የብዙ ሰው ቤት የመጠጥ ውኃውን ለብቻ ይገዛል፤ ያንን ከወር ወጪሽ ጋር ደምሪው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው የጋራ ነው ወይስ የግል፣ ስንት ቤት ይጠጣበታል፣ የፓምፑን መብራትስ ማን ይከፍላል ብለሽ ጠይቂ። ቆጣሪውንም እንዲሁ። የጋራ ቆጣሪ ላይ አንዱ አየር ማቀዝቀዣ ካለው ጎረቤትነት በየወሩ ይፈተናል።

ከዚያ የሮቶውን ክዳን ተመልከቺ። ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም። በድሬ በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ ተነሥቶ ነበር፤ በ2014 ደግሞ በደረቁ ወራት ወባ ተቀሰቀሰ። ወባ በበጋ ምን አመጣው ሲባል፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ የተከማቸ ውኃ ውስጥ፣ በርሜልና ታንከር ውስጥ፣ ስትራባ ተገኘች። ረግረግ አያስፈልጋትም፤ ከመታጠቢያ ቤትሽ ጥግ ያስቀመጥሽው ያልተከደነ ባልዲ ይበቃታል። ስለዚህ ክዳን፣ በየመስኮቱ ወንፊት፣ ለልጅቷም አጎበር። ወንፊት የሌለው ቤት ከሆነ አከራዩ እንዲያስገባ በውሉ ላይ አስጽፊው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፦ መሃል ላይ መኖርስ ምን ይመስላል? የድሬን ቀን መጀመሪያ ልመጂው። ከተማዋ በማለዳ ትነቃለች፣ ፈጢራና ፉል ትበላለች፣ እስከ እኩለ ቀን ትነግዳለች። ከዚያ የአወዳይ ጫት ይገባና ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዚራ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ብታዪ ወይ ውሻ ነው ወይ እንደኔ ያለ መጤ። በመጀመሪያው ዓመት በዚህ ሰዓት ሚስማር ልገዛ ወጥቼ የተዘጋ በር ሳንኳኳ የዋልኩባቸውን ቀናት አልቆጥራቸውም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከተማዋ ለሁለተኛ ጊዜ ትነሣለች፤ በዛፎቹ ሥር ወንበር ይወጣል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ልጁም ሽማግሌውም ጎዳና ላይ ነው። ለእኔ መሃል ከተማ የመኖር ደስታ ሁሉ ያለው በዚህ ሰዓት ውስጥ ነው፤ በእግር ወጥተሽ በእግር ትመለሻለሽ፣ ልጅሽን ሦስት ሰው ሳይስማትና አራተኛው ሳምቡሳ ሳያስይዛት ቤትሽ አትደርሺም። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው፦ ዋናው ጎዳና ላይ ከተከራየሽ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ አለ፣ በሙቀቱ ምክንያት መስኮት ዘግተሽ መተኛት ደግሞ አትችዪም። አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ግቢ። በመቶ ሜትር ልዩነት ሌላ ከተማ ነው።

ሳቢያንን አላጣጥልም። ሰፋ ያለ ነው፣ ጸጥታው ይሻላል፣ በተመሳሳይ ብር አንድ ክፍል ትርፍ ታገኚያለሽ። ግን ጥላ የለውም፤ የከዚራ ዛፎች እዚያ አልተተከሉም፣ የተተከሉትም ገና ቁመታቸው ወገብ ነው። ከመጀመሪያው ልጅ ጋር ያለች እናት ደግሞ ቀኑን ብቻዋን ፎቅ ላይ ስታሳልፍ ምን እንደሚሰማት ከባለቤቴ አይቻለሁ። ባለቤትሽ ሥራው ወደዚያ ካልሆነ በስተቀር እኔ ከዚራን እመርጥልሻለሁ፣ አፓርታማውን ግን አይደለም።

ሦስተኛው ቤቴ፣ አሁን የምኖርበት፣ አፓርታማ አይደለም። ከዚራ ውስጥ በአንድ ግቢ ያለ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ያረፈበት ሁለት ክፍል ነው። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ መታጠቢያውም የሚያኮራ አይደለም፤ ለእንግዳ ፎቶ አንሥቼ አልክም። አከራዬ ካርታዋን ሳልጠይቃት ያሳየችኝ አሮጊት ናት፤ ጠዋት ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከወተት ሻጯ ጋር በሶማሊኛ፣ ከአትክልት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ ታወራና ልጄን በሦስቱም ትቆጣዋለች። በዘጠኝ ሰዓት መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ይህን የመሰለ ቤት በማስታወቂያ አይወጣም፣ ደላላም ብዙ ኮሚሽን ስለማያገኝበት አይነግርሽም። ለአንድ ወር ያህል አነስ ያለ እንግዳ ማረፊያ ያዙ፤ ባለቤትሽ ሥራ ሲውል አንቺ ማታ ማታ ልጅሽን ይዘሽ በዛፎቹ ሥር ተመላለሺ፣ ከሻይ ሻጮቹ ጋር ተዋወቂ፣ ቤት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። እኔም ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ዕቃ ስትጭኚ ምንጣፉንና ወፍራም መጋረጃውን አዲስ አበባ ለዘመድ ተይው። ብርድ ልብስ ግን አንድ ስስ ያዢ፤ ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ጎረቤቶችሽ ጃኬት ደርበው ይወጣሉ፣ አንቺም በሁለተኛው ዓመት ትደርቢያለሽ።