ቸኮሌቱ ለምን ይሰምጣል? የናናው ክሬምስ ለምን ይቀጥናል?

የአንባቢያን ጥያቄና የዝግጅት ክፍሉ መልስ

ጥያቄ፦ ቸኮሌት ቺፕስ ያለበት ካፕኬክ ሠርቼ በናና ክሬም ላስጌጠው ፈለግሁ። እርጥብ ናና በብሌንደር ፈጨሁና ከጭማቂው አምስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ክሬሙ ላይ ጨመርኩ። ወዲያው እንደ እርጎ ተቆራርጦ ውሃ ለቀቀ። ስኳር ብጨምርበትም ባሰበት። የሚገርመው ከዚያ ሁሉ በኋላ የናናው ጣዕም እንኳ የለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጭማቂው ነው ያጠፋው። የናና ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ክሬሙ ደግሞ በቅቤ የቆመ ነው። 170 ግራም ቅቤ የሚችለው ፈሳሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ውሃው ለብቻው፣ ቅባቱ ለብቻው ይሆናል። ስኳሩም በተረፈው ውሃ ውስጥ እየሟሟ ፈሳሹን ያበዛዋል እንጂ አያረጋውም። ጣዕሙ የጠፋው ለምንድን ነው ላሉት፣ ለናና መዓዛውን የሚሰጡት ዘይቶች በውሃ እምብዛም አይሟሙም፣ በቅባት ግን በደንብ ይሟሟሉ። ስለዚህ ናናው መግባት ያለበት የተመታው ክሬም ውስጥ ሳይሆን ገና ከመመታቱ በፊት ቅቤው ውስጥ ነው።

ለ12 ካፕኬክ 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤና 25 ግራም የናና ቅጠል ይያዙ። ቅጠሉ ተጠቅጥቆ አንድ ኩባያ ይሞላል። ግንዱን ይጣሉት፣ መራራ ነው። ቅጠሉን አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ጠብታ እስከማይቀርበት ያድርቁት። ቅቤውን በትንሽ እሳት ያቅልጡ፤ ቅጠሉን በእጅዎ ጨምቀው ሰበር ሰበር ካደረጉ በኋላ ይጨምሩበት። 10 ደቂቃ ያህል ሙቀቱን እንደጠበቀ ይቆይ፣ ግን አይፍላ፤ አረፋ ማውጣት ከጀመረ እሳቱ በዝቷል፣ መዓዛውም በእንፋሎት እየሄደ ነው። ከዚያ ከእሳት አውርደው፣ ከድነው 30 ደቂቃ ይተዉት። በቀጭን ወንፊት ያጥሉት፤ በማንኪያ ቀስ ብለው ይጫኑት እንጂ አጥብቀው አይጭመቁት፤ አለዚያ የሣር ጣዕም ይከተላል። ቅጠሉ የተወሰነ ቅቤ ይዞ ስለሚቀር ይመዝኑት፤ ከ170 ግራም ካነሰ ያልቀለጠ ቅቤ ጨምረው ይሙሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። የቀለጠውን ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ከረሱት ውሃውና የወተቱ ክፍል ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ እንደ ሻማ ይደርቃል፤ እንዲህ ከሆነ በኋላ ቢመታም ፍርፋሪ ነው የሚሆነው። ይልቅ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው በየሁለት ሦስት ደቂቃው ያማስሉት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ፣ ግን የማይፈስ ይሆናል። ያን ጊዜ ብቻውን 5 ደቂቃ ይምቱት። ቀለሙ ሲነጣ 340 ግራም የተነፋ የአይሲንግ ስኳር በሦስት ዙር ይጨምሩ፤ መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አለዚያ ስኳሩ ቤቱን ያለብሰዋል። ለጨው አንድ ቁንጥጫ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ፈሳሽ የወተት ክሬም ጨምረው ሦስት ደቂቃ ይምቱት።

ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል። ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የናና ክሬም ቀለም የተጨመረበት ነው፤ ካማረዎት አንድ ጠብታ ይጨምሩ፣ ነውር የለውም።

አሁን የተለያየው ክሬም አይጣል። ሌላ 60 ግራም ለስላሳ ቅቤ ለብቻው ይምቱና የተበላሸውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ይምቱበት። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቸኮሌቱ ሁልጊዜ ታች ሄዶ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ቺፕሱን በዱቄት ለውሼ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ ዱቄት መለወስ ሲበዛ የተወራለት ዘዴ ነው። መፍትሔው ያለው የሊጡ ውፍረትና የቺፕሱ መጠን ላይ ነው። ኦቨን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቅቤው ይቀልጥና ሊጡ ይቀጥናል፤ እንቁላሉና ስታርቹ እስኪረጉ ድረስ ከባድ ነገር ሁሉ ወደ ታች ይሄዳል። ቺፕሱ ባነሰ ቁጥር የሚወርድበት ፍጥነት በጣም ይቀንሳል፤ በግማሽ ያነሰ ቁራጭ የሚወርደው አራት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ትንንሹን ቺፕስ ይግዙ፣ ከሌለ ትልቁን በቢላ የምስር ፍሬ እስኪያክል ይክተፉት።

ሊጡ ይህን ይመስላል፦ 190 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 115 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ 120 ግራም ቺፕስ። ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ከፍሪጅ ወጥተው አንድ ሰዓት ያህል የቆዩ ይሁኑ። ቅቤውንና ስኳሩን 4 ደቂቃ ይምቱ። እንቁላሉን አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ የተቆራረጠ ከመሰለ ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ ጣል ያድርጉበት። ዱቄቱን ከነቤኪንግ ፓውደሩና ከነጨው በሦስት ዙር፣ ወተቱን ከነቫኒላው በመካከሉ በሁለት ዙር ያስገቡ። ዱቄቱ ከዓይን ሲጠፋ ያቁሙ፤ ቺፕሱን በስፓቹላ ነው የሚያዋህዱት።

ከዚያ ሊጡን በማንኪያ ያንሱት። በጓል ሆኖ ጠብ ካለ ልክ ነው። እንደ ቀጭን አጥሚት ከወረደ ቺፕሱን የሚይዝለት የለም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ወተቱን ይቀንሱ። ተጨማሪ መድን ከፈለጉ ቺፕሱ ከመግባቱ በፊት ከሊጡ ጥቂት ለይተው ያስቀሩና በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ አንድ የሻይ ማንኪያ ቺፕስ የሌለው ሊጥ ያድርጉ፣ ቺፕስ ያለውን ከላይ ይሙሉበት። ወረቀቱ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ብቻ ይሞላ። አስቀድሞ በጋለ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ። ስቴኪኒ ሲሰኩበት የቀለጠ ቸኮሌት ይዞ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የሚያሳስበው ጥሬ ሊጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ወግተው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በእርጥቡ ፈንታ ደረቅ ናና ይሆናል?

መልስ፦ አይመከርም። ክሬሙ ሻይ ሻይ ይላል።

ጥያቄ፦ እንዳላችሁት ናናውን ቅቤ ውስጥ ነክሬ ሠራሁ፤ መዓዛው ጥሩ ነው፣ ግን ያ አፍን የሚያቀዘቅዘው ስሜት የለም። ለምን?

መልስ፦ ናናው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ነው። ማእድ ቤት ውስጥ በብዛት የምናገኘው ናና መዓዛውን የሚያገኘው ካርቮን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ካርቮን ጣፋጭ ይሸታል፣ ግን አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል ነው፤ እሱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ፔፐርሚንት በሚባለው ዓይነት ናና ውስጥ ነው። ከረሜላውም የጥርስ ሳሙናውም ያን ቅዝቃዜ የሚያገኙት ከሜንቶል ነው። ቅጠሉን እጥፍ ቢያደርጉትም ቅዝቃዜው አይመጣም፣ ምሬቱ ብቻ ይጨምራል። ከፈለጉት ሩብ የሻይ ማንኪያ የፔፐርሚንት ኤክስትራክት፣ ማለትም እንደ ፈሳሽ ቫኒላ በአልኮል የተዘጋጀውን፣ ክሬሙ ተመትቶ ሲያልቅ ይጨምሩ። በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ንጹሕ ዘይት ግን በጣም ኃይለኛ ነው፤ ለምግብ የተፈቀደ መሆኑን መለያው ላይ ያንብቡና ስቴኪኒ ነክረው ከጫፉ የያዘውን ብቻ ይጨምሩ። ቀምሰው፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ይቅመሱ። አንዴ ከበዛ መመለሻ የለውም፣ የጥርስ ሳሙና እንደ መብላት ነው። እኛን ከጠየቁን ያለ ቅዝቃዜው ያለው የቅጠሉ መዓዛ ከቸኮሌት ጋር የበለጠ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ለጌጥ ከላይ የምጥልበት የተከተፈ ናና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይጠቁራል።

መልስ፦ ቅጠሉ ሲቆረጥ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየር ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል፣ ልክ የተቆረጠ ፖም እንደሚጠቁረው። ቀላሉ መንገድ አለመክተፍ ነው፤ ትንንሹን የጫፍ ቅጠል ሙሉውን፣ ሊቀርብ ሲል ይሰኩበት። የግድ ተከትፎ ክሬሙ ውስጥ መታየት አለበት ካሉ ቅጠሉን በሚፈላ ውሃ 10 ሰከንድ ብቻ አጥልቀው ወዲያው በረዶ ያለው ውሃ ውስጥ ይክተቱት፣ በደንብ ያድርቁትና በተሳለ ቢላ ይክተፉት። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያስቆመዋል፣ አረንጓዴውም ይቆያል። ከመዓዛው ግን የተወሰነ ያጣል፤ ስለዚህ ይህን ለመልክ፣ የተነከረውን ቅቤ ለጣዕም ይጠቀሙበት። የደነዘዘ ቢላ ቅጠሉን ይጨፈልቀዋል፣ ጥቁረቱንም ያፈጥነዋል።

ጥያቄ፦ ካፕኬኬ ሲጋገር ያምራል፤ ሲቀዘቅዝ ወረቀቱ ራሱ ተላቆ ይከፈታል። ውስጡም ረጃጅም ቀዳዳዎች አሉት።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ወረቀቱን የሚያላቅቀው እንፋሎት ነው፦ ትሪው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ወይም ሳይቀዘቅዝ ሲከደን እርጥበቱ በኬኩና በወረቀቱ መካከል ይታመቃል። ከ5 ደቂቃ በኋላ አውጥተው አየር በሚያስገባ ሽቦ ላይ ያድርጉት። በጥቂቱ ያልበሰለ ኬክም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሁለት ደቂቃ ጨምረው ይሞክሩ። ቀዳዳዎቹ ግን ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሊጡ ብዙ መመታቱን ነው የሚያሳዩት። ግሉተን የሚባለው፣ ሊጡን የሚያለጥጠው የስንዴው ፕሮቲን ይጎለብታል፣ አየሩም መውጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሰራል። ሚክሰሩን ቀደም ብለው ያጥፉ፤ የቀረውን ዱቄት በእጅ ያዋህዱት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመጽሐፍ ያለውን መጠን ግራም ሳላዛንፍ ብከተልም መሐሉ ይጎደጉዳል።

መልስ፦ መጠኑን ያልተከተለው ከፍታው ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጋዙ በቶሎና በብዛት ይለጠጣል፣ ሊጡ ሳይረጋ ጫፉ ይደርስና ይወድቃል። ከላይ ከሰጠነው መጠን ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ያውርዱ፣ ከስኳሩ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ፣ ወተቱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፤ እርጥበቱ እዚያ ቶሎ ይተናል። ኦቨኑ 190 ዲግሪ ይሁን፣ በ15ኛው ደቂቃ መፈተሽ ይጀምሩ። ሊጡ ከቀጠነብዎት ወተቱን አይቀንሱ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች ውስጥ በሩን አይክፈቱ። እዚህ ያልነው መነሻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከጋገሩ በኋላ አሁንም ከጎደጎደ መጀመሪያ የሚነካው ቤኪንግ ፓውደሩ ነው።

ጥያቄ፦ የአይሲንግ ስኳር ስላላገኘሁ ተራውን ስኳር ፈጭቼ ብሠራው ክሬሙ አሸዋ አሸዋ ይላል።

መልስ፦ የቤት ብሌንደር እንደ ፋብሪካው አያልመውም፤ ቅቤም ስኳር አያሟሟም። በአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምረው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፍጩት፤ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ብናኙ ይረፍ። በጣም ቀጭን በሆነ ወንፊት ይንፉትና ላዩ ላይ የቀረውን እንደገና ይፍጩ። ሁለቱን ማንኪያ ወተት ሞቅ አድርገው ስኳሩ ላይ ቢያፈሱትና 10 ደቂቃ ቢያቆዩት አሸዋነቱ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቅቤው ይግባ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ቀደም ብሎ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ የናናውን ቅቤ ከሦስት ቀን በፊት አዘጋጅተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ካረጉት በኋላ ከድነው ፍሪጅ ያስቀምጡት። ኬኩ ያለ ክሬም በጥብቅ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል። ክሬም የተቀባውን በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት፤ ፍሪጅ ውስጥ ይደርና ከመቅረቡ 30 ደቂቃ በፊት ይውጣ፣ ቅቤው ሲደርቅ ናናው አይሸትም። ክሬሙን የሚቀቡት ኬኩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ግርጌውን በእጅዎ ሲነኩት ለብ ካለ ገና ነው። ክሬሙ ራሱ በሙቀት ከላላ ከነሳህኑ 15 ደቂቃ ፍሪጅ አግብተው እንደገና ይምቱት እንጂ ስኳር አይጨምሩበት።