የቤት ግብር ጭማሪ፦ ለሁሉም እኩል ከሆነ ፍትሐዊ ነው?

«ጭማሪው በሁሉም ላይ በእኩል መቶኛ ከሆነ ምኑ ነው ፍትሐዊ ያልሆነው?» ብለሃል። እኔ በዚህ ብቻ አይለካም ባይ ነኝ።

የቤት ግብር የሚሰላው በቤቱ ግምት እንጂ በባለቤቱ ገቢ አይደለም። ጡረታ የወጡ አንዲት እናትን አስብ። ሰፈሩ ስላደገ የቤታቸው ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ጡረታቸው ግን ያው ነው። ቤቱን ካልሸጡ ያ ዋጋ እጃቸው አይገባም። ቅናሽ ወይም የክፍያ ማራዘሚያ ከሌለ ጭማሪው ከገዛ ቤታቸው ያስወጣቸዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

«እኩል» ሲባል ተጠንቀቅ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990 የቤት ግብርን ትታ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የአካባቢ ግብር ጀመረች። ለድሆች ቅናሽ ቢኖርም፣ ሌላው ሰው ቪላ ይኑረው ጠባብ ቤት፣ በአንድ አካባቢ እስከኖረ ድረስ የሚከፍለው ያው ነበር። ለንደን በረብሻ ታመሰች። በ1993 በቤት ዋጋ ላይ በተመሠረተ ግብር ተተካ።

ጭማሪ ሁሉ በደል ነው ማለቴ አይደለም። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሠራተኛውም ደመወዝ። ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ባንዴ መቆለሉ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው።

ለማንኛውም የግምት ወረቀትህን ጠይቅ። የቦታው ስፋትና የቤቱ ዕድሜ በትክክል መመዝገቡን እይ። ስህተት ካገኘህ የቅሬታ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ አመልክት፤ ቅጂውንም አስቀር።