ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ያለ ድካም፦ ድብርት ነው ወይስ ሌላ?

እህቴ፣ ጭንቅላትሽ ከተመታ ስምንት ወር እንደሆነ፣ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ቢባልም ግማሽ ገጽ ማንበብ እንደሚያዝልሽ፣ ሐኪሙም «ድብርት ነው፣ እንቅስቃሴ አድርጊ» እንዳለሽ ጽፈሻል። የጠየቅሽው፣ ድካሙ የአንጎል ነው የመንፈስ? ልግፋበት ልረፍ? ብለሽ ነው። እኔ ወድቄ ጭንቅላቴን ከተመታሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

«ንጹሕ» የሚለው ቃል እኔንም አሳስቶኝ ነበር። ሲቲ ስካን በዋናነት የሚፈልገው የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ነው፤ ሴሎቹ እንዴት እየሠሩ እንደሆነ አያሳይም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ከጉልበታችን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ሲመታ በሴሎቹ ውስጥና ውጭ ያለው የጨው ሚዛን ይናጋል። ያንን ለመመለስ ብዙ ስኳር ያስፈልገዋል፣ የሚደርሰው ደም ግን በዚያው ጊዜ ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። የአንዳንዶቻችን ድካም ግን አይለቅም።

እኔን ያሳረፈኝ የቢርጊታ ዮሐንሶንና የላርስ ሮንቤክ ሥራ ነው። በስዊድን፣ በጎተንበርግ ሆነው ይህን የአእምሮ መዛል ከድብርት ለይተው አጥንተውታል። ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መጠይቅ 15 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምፅና ብርሃን ይረብሽሃል ወይ፣ ሐሳብህ ዘገየ ወይ ይላል። አንዱ ደግሞ አእምሮህ ከደከመ በኋላ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሃል ይላል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከ10.5 ነጥብ በላይ ከሆነ ድካሙ ትኩረት የሚሻ ነው ይላሉ። የእኔ 19 ነበር።

ድብርቱም ግን ነበረብኝ። ልዩነቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፦ በድካሙ ቀን መጽሐፉ ያምረኛል፣ አእምሮዬ እሺ አይልም፤ በድብርቱ ቀን ግን መጽሐፉም ሰዉም አያስፈልገኝም። ስለዚህ የሐኪምሽን ቃል አትጣዪው። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አንጎላቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡ 559 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት 53 በመቶው ከባድ ድብርት እንደያዛቸው አግኝቷል። እኔ ታክሜ ሐዘኑ ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን በቦታው ቀረ። ሁለት መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ልግፋበት ወይ ላልሽው፣ እዚህ ላይ እባክሽ ተጠንቀቂ። እኔን ቀስ ብሎ መራመድ ረድቶኛል። ከስፖርት ጋር ለተያያዘ የጭንቅላት ምት በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ፍጹም ዕረፍት ሳይሆን፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ ቀላል እንቅስቃሴ መጀመርን ይመክራል። ይህን ይዤ፣ ከኢንፌክሽን በኋላ ድካም ለጸናበት አንድ ወዳጄ «አንተም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምር» አልኩት። በዕለቱ ደህና ነበር። በሁለተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተው፤ ሦስት ሳምንት ተኛ። የእሱ ሕመም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ነው፤ ዋና ምልክቱም ከአቅም በላይ ከሠሩ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ መውደቅ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2021 ለእነዚህ ሕሙማን እንቅስቃሴን በተወሰነ መጠን እየጨመሩ መሄድን አቁሙ ያለው ለዚህ ነው። ያን ምክር በመስጠቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ እኔ መናገር አልችልም፤ ደብተርሽ ግን ይነግርሻል። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ምን እንደሠራሽ፣ በማግስቱና በሠልስቱ እንዴት እንደዋልሽ ጻፊ። በተጨማሪ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የፒቱታሪ ሆርሞን ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ፤ ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ናት፤ የጭንቅላት ምት ሊጎዳት ይችላል፣ እሱም በራሱ ያደክማል። ሕይወትሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ ወይም ራስ ምታቱ ብሶ ማስመለስ ከጀመረሽ ግን ደብተር አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ።

ቀጠሮሽ ሲደርስ ከመናገርሽ በፊት ደብተርሽ ላይ የጻፍሽውን ለሐኪሙ ስጪው። እኔ በቃል ሳስረዳ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቃል ይጠፋኝ ነበር።